ማርጋሬቴ ሽታይፍ፦ የመርፌ መሰኪያዋ ዝሆን ያደረሳት ከፍታ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 መጨረሻ፣ በለንደን ከተማ በተካሄደ ጨረታ ላይ ዘጠና ዓመት ያስቆጠረ አንድ የድብ አሻንጉሊት በ110 ሺህ የእንግሊዝ ፓውንድ ተሸጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለድብ አሻንጉሊት ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለ ሰው አልነበረም። ወርቅ አልተለበጠበትም፤ ዕንቁም አልተጠለፈበትም። የዚያ ዘመን ድቦች ቆዳቸው የፍየል ፀጉር፣ ውስጣቸው በቀጭኑ የተላገ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ዓይናቸውም የጫማ ቁልፍ ነበር። ዋጋውን ያናረው አሻንጉሊቱ የወጣበት ቤትና የዕድሜው ርዝመት ነው። ያን ቤት የመሠረተችው ደግሞ በሕይወቷ ሙሉ በእግሯ ቆማ መሄድ ያልቻለች አንዲት የልብስ ሰፊ ነበረች፤ ማርጋሬቴ ሽታይፍ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርጋሬቴ ሐምሌ 24 ቀን 1847 በደቡብ ጀርመን፣ በቩርተምበርግ ግዛት፣ በብሬንትስ ወንዝ ዳር በምትገኘው ጊንገን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ ፍሪድሪኽ ሽታይፍ በግንባታ ሥራ የሚተዳደር ባለሙያ ነበር። ከአራት ልጆች ሦስተኛዋ ስትሆን፣ ሁለት ታላላቅ እኅቶችና ፍሪትስ የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት።

ገና በ18 ወሯ ብርቱ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት እግሮቿ አልታዘዝ አሉ፤ ቀኝ እጇም ደከመ፤ ማንቀሳቀሱም ሕመም ሆነባት። ሐኪሞች በኋላ ሕመሟ የልጅነት ልምሻ መሆኑን ለዩ። በዚያ ዘመን ለልምሻ ክትባትም ሆነ ፈውስ አልነበረም። ወላጆቿን ሌት ተቀን ያስጨነቃቸው ጥያቄ አንድ ነበር፤ እኛ ካለፍን በኋላ ይህችን ልጅ ማን ያኖራታል? ሴት ልጅ ኑሮዋ በትዳር በሚታሰብበት፣ ጉልበት የሌለው ሰው የሌላውን እጅ ጠባቂ ሆኖ በሚቀርበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ይህ ጥያቄ ቀላል አልነበረም።

ወላጆቿ ተስፋ ሳይቆርጡ ፈውስ ፈለጉላት። በ1856 ሉድቪግስቡርግ በተባለች ከተማ እግሯ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከዚያም ቪልድባት ወደሚገኘው ፍል ውኃ ተወሰደች። ለውጥ ግን አልመጣም። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ገደማ ሲደርስ ማርጋሬቴ ራሷ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሰች። ሊመጣ የማይችለውን ፈውስ ዘወትር መጠበቅ የልብን ሰላም እንደሚነሣ ተረድታ፣ ያላትን አካል ይዛ መኖር ጀመረች።

ከዚያ አስቀድሞም ቢሆን ከእኩዮቿ ተለይታ የተቀመጠችበት ጊዜ ጥቂት ነበር። እኅቶቿና የሰፈር ልጆች በትንሽ ጋሪ እየጎተቱ ትምህርት ቤት ያደርሷታል፤ ከደጃፉ ደግሞ አንዲት በአካባቢው የምትኖር ሴት ተሸክማ ደረጃውን ታወጣታለች። በጨዋታ ሰዓት ጋሪዋ ላይ ተቀምጣ ለልጆቹ ጨዋታ ትፈጥራለች፤ ሕፃናትንም ትጠብቃለች። ሙያ ለመማር ስትነሣ የመረጠችው ስፌት ነበር። አባቷ በደካማ ቀኝ እጇ መርፌ መያዝ መቻሏን አጥብቆ ተጠራጠረ። እርሷ ግን የስፌት ትምህርት ቤት ገብታ፣ መጀመሪያ የተንጋደደውን እየፈታች፣ የተበላሸውን እየደገመች፣ ከጊዜ በኋላ ጥሩ ሰፊ ወጣት። ዚተር የሚባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ መጫወትም ተምራ ለሌሎች ታስተምር ነበር። ከዚያ ያገኘችውን ክፍያ ቆጥባም የልብስ ስፌት መኪና ገዛች። በጊንገን ከተማ ከዚያ በፊት የስፌት መኪና አልነበረም ይባላል።

የስፌት መኪና ማዞሪያ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው። የማርጋሬቴ ቀኝ እጅ ደግሞ ያን ጎማ የማዞር አቅም አልነበረውም። መፍትሔዋ ቀላልና ብልኅ ነበር፤ መኪናውን ገልብጣ ጀርባውን ወደ ራሷ አዞረችና ማዞሪያውን በግራ እጇ ያዘችው። በ1874 አባቷ የቤቱን አንድ ክፍል አድሶ የስፌት ሥራ ቤት አደረገላት። ከዓመታት በፊት መርፌ መያዟን የተጠራጠረው አባት፣ አሁን መዶሻውን ይዞ ለመርፌዋ ቦታ የሚያበጅ ሆነ።

በ1877 ማርጋሬቴ በፌልት ላይ የተመሠረተ የተዘጋጁ ልብሶች መደብር ከፈተች። ፌልት እንደ ሸማ በድርና በማግ አይሠራም፤ የበግ ፀጉር በእርጥበትና በሙቀት እየታሸ፣ እየተጠቀጠቀ እርስ በርሱ ሲጣበቅ የሚገኝ ወፍራም ጨርቅ ነው። ሲቆረጥ ጠርዙ ስለማይተረተር ለስፌት ይመቻል። በከተማዋ የእናቷ ዘመዶች የፌልት ፋብሪካ ስለነበራቸው ጥሬ ዕቃው ከቅርብ ይገኝ ነበር። የምትሰፋቸው የውስጥ ጉርዶችና የልጆች ካፖርቶች ገበያ አገኙ፤ ሥራው ሲበዛም ሌሎች ሴቶችን መቅጠር ጀመረች። የወላጆቿ የቀድሞ ጭንቀት እዚህ ላይ ተገለበጠ። ማን ያኖራታል የተባለችው ልጅ ለሌሎች እንጀራ የምትከፍት ሆነች።

በ1879 መጨረሻ አንድ የፋሽን መጽሔት ስታገላብጥ የትንሽ ዝሆን ስፌት ንድፍ አየች። ከንድፉ ተነሥታ ከፌልት ዝሆን ቆርጣ ሰፋች፤ ውስጡንም በበግ ፀጉር ሞላችው። ዓላማው የመርፌ መሰኪያ እንዲሆን ነበር። ለዘመዶቿና ለወዳጆቿ ስጦታ አድርጋ ስታድላቸው ግን፣ ዝሆኖቹ ከእናቶች የስፌት ሣጥን እየጠፉ ከልጆች እጅ ተገኙ። የዚያ ዘመን አሻንጉሊት በአብዛኛው ከእንጨት፣ ከቆርቆሮ ወይም ከሸክላ የተሠራ ነበር፤ ሲወድቅ የሚሰበር፣ ሲታቀፍ የሚቆረቁር። ለስላሳው ዝሆን ግን ታቅፈው የሚተኙበት ነበር። ማርጋሬቴ ያየችውን አላለፈችውም፤ መርፌ መሰኪያው አሻንጉሊት ሆነ።

ወንድሟ ፍሪትስ ዝሆኖቹን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለችው ሃይደንሃይም ገበያ ወጣ፤ ገዢም አላጣም። በ1886 ከ5 ሺህ በላይ ዝሆኖች ተሸጡ። ከዝሆኑ ቀጥሎ ዝንጀሮ፣ አህያ፣ ፈረስ፣ ግመል፣ አሳማ፣ አይጥ፣ ውሻ፣ ድመት፣ ጥንቸልና ቀጭኔ ተከተሉ። በ1890 ገደማ ፍሪትስ ለእኅቱ አዲስ ቤት ሠራላት፤ ከታች መደብር፣ ከላይ መኖሪያ ያለው፣ ለተሽከርካሪ ወንበሯ እንዲመች ሆኖ የታሰበ። በ1892 የመጀመሪያው ባለ ሥዕል የምርት ዝርዝር መጽሐፍ ታተመ። በ1893 ድርጅቱ የፌልት አሻንጉሊት ፋብሪካ ተብሎ በንግድ መዝገብ ሰፈረ።

የሥራዋ መርሕ ለልጅ ከተሠራ ከሁሉ የተሻለው እንጂ ሌላው አይበቃም የሚል ነበር። አዲስ አሻንጉሊት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ናሙናውን ራሷ ትመረምረው ነበር። ስፌቱ ይለቅ እንደሆነ፣ ቅርጹ እንስሳውን ይመስል እንደሆነ፣ ልጅ ሲጎትተው ይችል እንደሆነ ታያለች። ይህ ጥንቃቄ ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚያን አሻንጉሊቶች ሳይፈርሱ ለሰብሳቢዎች እጅ ያበቃቸው ነው።

ማርጋሬቴ አላገባችም፤ ልጅም አልወለደችም። የፍሪትስ ስድስት ወንዶች ልጆች ግን ሁሉም የአክስታቸውን ሥራ ተቀላቀሉ። ከእነርሱ መካከል ሪቻርድ በሽቱትጋርት የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ሠልጥኖ በ1897 ፋብሪካውን የገባ ሲሆን፣ በዚያች ከተማ የእንስሳት ማቆያ ድቦችን እየተመለከተ ብዙ ሥዕል ሥሎ ነበር። በ1902 እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ፣ ፀጉራማ ቆዳ የለበሰ ድብ ንድፍ አወጣ። መለያው 55 ፒቢ የሚል ነበር፤ ቁጥሩ ቁመቱን በሴንቲሜትር፣ ፊደሎቹ ፀጉራማ ጨርቁንና ተንቀሳቃሽነቱን ያመለክታሉ። ጨርቁ ሞሄር ይባላል፤ ከአንጎራ ፍየል ፀጉር የሚሠራ ውድ ጨርቅ ነው። ማርጋሬቴ መጀመሪያ ላይ በዚህ ድብ እምብዛም አልተማመነችም፤ ሆኖም የወንድሟን ልጅ አልከለከለችውም።

በ1903 የፀደይ ወቅት ድቡ በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ ቀረበ። የአውሮፓ ነጋዴዎች አላስተዋሉትም። ትርኢቱ ሊዘጋ ሲል ግን አንድ አሜሪካዊ ገዢ 3 ሺህ ድቦች አዘዘ። በአሜሪካ ጊዜው ለድብ የተመቸ ነበር። በኅዳር 1902 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በሚሲሲፒ ለአደን ወጥተው የታሰረ ድብ አልተኩስም ማለታቸው በጋዜጣ ካርቱን ተሥሎ ነበር፤ በብሩክሊን የሚኖሩ ባለ ሱቅ ባልና ሚስትም ከዚያ ተነሥተው በፕሬዚዳንቱ የቁልምጫ ስም የተጠራ ድብ ሰፍተው ነበር። በሁለት አህጉራት፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ አንድ ዓይነት አሻንጉሊት ተወለደ። ቴዲ ቤር የሚለው ስም ከአሜሪካ መጥቶ በጊንገን ድብ ላይም ጸና።

በ1904 በሴንት ሉዊስ ከተማ በተካሄደው የዓለም ትርኢት 12 ሺህ የሽታይፍ ድቦች ተሸጡ፤ ማርጋሬቴና ሪቻርድም የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ፋብሪካው በ1903 በብረትና በመስታወት የተሠራ፣ ብርሃን እንደ ልብ የሚገባበት ሕንፃ አቁሞ ነበር። ውስጡ የሚሠሩት ወጣት ሴቶች ከውጭ ስለሚታዩ የከተማው ሰው የልጃገረዶች የዓሣ ገንዳ እያለ ይቀልድበት ነበር። በ1907 ምርቱ ወደ 974 ሺህ ድቦች ደረሰ። 400 ሠራተኞች በፋብሪካው፣ 1 ሺህ 800 የሚሆኑት ደግሞ በየቤታቸው ሆነው ይሰፉ ነበር። በአንዲት ትንሽ ከተማ ከበግና ከፍየል ፀጉር የዚህን ያህል ቤተሰብ ኑሮ ተደገፈ።

ገበያው ሲደምቅ አስመሳይም በዛ። በ1904 ፍራንስ የተባለው ሌላው የፍሪትስ ልጅ በእያንዳንዱ አሻንጉሊት ግራ ጆሮ ላይ የብረት ቁልፍ እንዲመታ ሐሳብ አቀረበ። የመጀመሪያው ቁልፍ የዝሆን ምስል ነበረበት፤ የመርፌ መሰኪያውን ዝሆን ያስታውሳል። በኋላ የቤተሰቡ ስም ተቀረጸበት። ለነጋዴው ከአስመሳይ መከላከያ የነበረው ይህ ቁልፍ፣ ለዛሬ ሰብሳቢ የልደት ምስክር ወረቀት ያህል ሆኗል፤ የቁልፉ ዓይነት አሻንጉሊቱ የተሠራበትን ዘመን ይናገራልና።

ሰብሳቢዎች የሚያነቧቸው ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የጥንቶቹ ድቦች ክንዳቸው ረጅም፣ አፋቸው ሾጣጣ፣ ጀርባቸውም ጎባጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ መገጣጠሚያቸው ገመድ ነበር፤ በ1904 ገደማ የተሠሩት ውስጣቸው የብረት ዘንግ ስላለ በራጅ ጭምር ይመረመራሉ፤ ከ1905 ጀምሮ ግን ክብ ካርቶን መገጣጠሚያ ተተካ። አንዳንዶቹ ድቦች ደግሞ በግንባራቸው መካከል ስፌት አላቸው። ውዱን ጨርቅ ላለማባከን ከቁራጭ ተገጥመው የተሰፉ ናቸው፤ ቁጥራቸው ጥቂት በመሆኑ ዛሬ ይበልጥ ይፈለጋሉ። በቁጠባ ምክንያት የመጣ ስፌት ዋጋ ጨማሪ ሆኖ ተገኘ። ያ የመጀመሪያው 55 ፒቢ ድብ ግን አንድም ተርፎ እንደተገኘ አይታወቅም።

ማርጋሬቴ ሽታይፍ ግንቦት 9 ቀን 1909 በሳንባ ምች በ61 ዓመቷ አረፈች። ከሦስት ዓመት በፊት ድርጅቱን በሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ አድርጋ ለወንድሟ ልጆች አስተካክላ ስለነበር ሥራው በሞቷ አልተቋረጠም። ታይታኒክ በ1912 በሰጠመች ጊዜ ፋብሪካው ለእንግሊዝ ገበያ ጥቂት መቶ ጥቁር የሐዘን ድቦች ሰፍቷል፤ እነርሱም ዛሬ ሰብሳቢዎች አብዝተው ከሚሹአቸው መካከል ናቸው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከመዳፍ የማይበልጡ የሱፍ ወፎችና ትናንሽ እንስሳት ተሠርተው፣ መደርደሪያ ለሚሞሉ ሰብሳቢዎች ሌላ ዓለም ከፈቱ። በ2005 በጊንገን ትልቅ ቤተ መዘክር ተከፈተ፤ የተወለደችበት ቤትም ይጎበኛል።

ለእነዚህ አሻንጉሊቶች ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች ፀጉሩ ያልሳሳ፣ ስፌቱ ያልተነካ፣ ቁልፉ ያልወለቀ ይመርጣሉ። ማርጋሬቴ የሰፋችው ግን ለመደርደሪያ አልነበረም። ልጅ አቅፎት እንዲተኛ፣ ጎትቶት እንዲሮጥ፣ አልቅሶበት እንዲጽናና ነበር። ስለዚህም ሳይነኩ የቆዩት ውድ ሆነው በመስታወት ውስጥ ሲቀመጡ፣ ፀጉራቸው አልቆ ጆሯቸው የተገነጠለው ደግሞ እርሷ የፈለገችውን ሥራ ጨርሰው ያለፉት ናቸው።