ወይዘሮ ሜሪ ሲኮል፤ ማንም ሳይልካቸው የሄዱት አስታማሚ

ከእኛ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ትምህርቱን ጨርሶ፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ፣ በሰው አገር ሥራ ስለ መፈለግ አንድ ቀን ያላሰበ ብዙ የሚገኝ አይመስለንም። ይህ ሐሳብ በተለይ ነርስነት በሚማሩት እኅቶቻችን ዘንድ የታወቀ ነው፤ በሽተኛ የሌለበት አገር የለምና። ስለዚህ ለዚህ እትም የመረጥነው በሙያቸው ተማምነው ብቻቸውን ባሕር የተሻገሩ፣ ሥራ ጠይቀው የተከለከሉ፣ ከተከለከሉም በኋላ በገዛ ገንዘባቸው የሄዱ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። እኚህ ሴት የጃማይካዋ ተወላጅ ወይዘሮ ሜሪ ሲኮል ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ወይዘሮ ሜሪ በ1805 ዓ.ም. በጃማይካ ደሴት በኪንግስተን ከተማ ተወለዱ። ደሴቲቱ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ከአፍሪካ ተግዘው የመጡት ሰዎችና ልጆቻቸውም ገና ከባርነት አልወጡም ነበር። አባታቸው የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነ ወታደር ሲሆን እናታቸው ጥቁርና ነጭ ደም የተቀላቀለባቸው ነፃ ሴት ነበሩ። እናቲቱ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ከፍተው የታመሙ መኰንኖችን እየተቀበሉ በአገሬው መድኃኒት ያስታምሙ ነበር። ሜሪም ከእናታቸው ያዩትን መጀመሪያ በአሻንጉሊት፣ ቀጥሎ በውሻና በድመት፣ ኋላም በራሳቸው ላይ እየሞከሩ ሙያውን ለመዱ። በወጣትነታቸው ሁለት ጊዜ ወደ ሎንዶን ሲጓዙ በሁለተኛው ጊዜ የአገራቸውን ፍራፍሬ በስኳር አዘጋጅተው ለገበያ ይዘው ሄዱ። ንግድና ሕክምና በሕይወታቸው ሙሉ ተለያይተው አያውቁም።

በ1836 ዓ.ም. ኤድዊን ሲኮል ከሚባል ሰው ጋር ተጋቡ። ነገር ግን በ1843 በኪንግስተን የተነሣው ቃጠሎ ቤታቸውን አጠፋው፤ በሚቀጥለው ዓመት ባላቸው ሞተ፤ ብዙም ሳይቆይ እናታቸው አረፉ። ወይዘሮ ሜሪ ቤቱን መልሰው ሠርተው ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1850 ኮሌራ ወደ ጃማይካ ገብቶ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲፈጅ በሽታውን በዓይናቸው አይተው ተማሩ።

በ1851 ወንድማቸው ወደሚኖርበት ወደ ፓናማ ተሻገሩ። ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ የሚጐርፈው ሰው በዚያ ያልፍ ነበር። እዚያም ኮሌራ ተነሣ። በመንደሩ የሚታመን ሐኪም ስላልነበረ ሕዝቡ ሁሉ ወደ እሳቸው መጣ፤ ከሀብታሙ ዋጋ ሲቀበሉ ድኻውን ግን በነፃ ያክሙ ነበር። የበሽታውን ጠባይ ለማወቅ በኮሌራ የሞተ ሕፃን ሬሳ በስውር ከፍተው እስከ መመርመር ደረሱ። ለበሽተኞቻቸው ከሰጡት ነገር ቀረፋ የተፈላበት ውሃ ይገኝበታል። የሜርኩሪና የእርሳስ ቅመም ያለባቸው መድኃኒቶችም ነበሩ፤ እነዚህ ጐጂ መሆናቸው ዛሬ ታውቋል። ያን ጊዜ ግን በትልልቅ ትምህርት ቤቶች የተማሩት ሐኪሞችም ያንኑ ይሰጡ ነበር።

በዚያው አገር በአንድ ግብዣ ላይ አንድ አሜሪካዊ ተነሥቶ ካመሰገናቸው በኋላ ቆዳቸውን ማንጣት ቢቻል ኖሮ ብሎ ተመኘላቸው። እሳቸውም የእርሱን መልክ ከቶ እንደማይሹ፣ መልካቸው እንደ ማንኛውም ጥቁር ሰው የጠቆረ ቢሆን እንኳ ደስ እንደሚላቸው መለሱለት።

በ1854 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው ሩሲያን ሲወጉ፣ በጃማይካ ሳሉ የሚያውቋቸው የጦር ክፍሎች ወደ ክሪሚያ መዝመታቸውን ሰሙ። ከጥይት ይልቅ ኮሌራና ተቅማጥ ወታደሩን እየጨረሰው ነበር። ሚስ ፍሎሬንስ ናይቲንጌል 38 ሴቶች አስከትለው በጥቅምት ወር ተጉዘው ነበርና፣ ወይዘሮ ሜሪ ቀጥሎ ከሚሄዱት ጋር ለመቀጠር ሎንዶን ገቡ። ከሠሩባቸው ቦታዎች የተሰጣቸውን የድጋፍ ደብዳቤም ይዘው ነበር።

ወደ ጦር ሚኒስቴር ሄዱ፤ ወደ ሌላ ቢሮ መሯቸው። ከዚያም ወደ ሕክምናው ክፍል ሄዱ። አስታማሚዎችን ይመለምሉ ወደነበሩት ወደ ሚኒስትሩ ባለቤት ወደ ወይዘሮ ኸርበርት ቤት ሄደው ብዙ ሰዓት ከጠበቁ በኋላ የሚፈለገው ቍጥር ሞልቷል የሚል መልእክት ብቻ ደረሳቸው። በመጨረሻም ለጦሩ ርዳታ ከተሰበሰበው ገንዘብ የመሳፈሪያ እንዲሰጣቸው ለመኑ፤ እርሱም ተከለከለ። በክረምቱ ምሽት በሎንዶን ጎዳና ቆመው እያለቀሱ፣ የተመለሱት በቆዳቸው ምክንያት ይሆን ብለው ራሳቸውን እንደጠየቁ ኋላ ራሳቸው ጽፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስታውስ ይገባል። በእንግሊዝ አገር ነርሶች በሕግ መመዝገብና ፈቃድ ማውጣት የጀመሩት ከ1919ኙ ሕግ ወዲህ ነው። እንግዲህ በ1854 ፈቃድ የነበራት አስታማሚ አንዲትም አልነበረችም። ወይዘሮ ሜሪ የጐደላቸው ሌሎች የያዙት ወረቀት አልነበረም ማለት ነው። ኮሌራን በሁለት አገር ታግለው ያዩ ሴት ተመልሰው፣ ሌሎች ተልከዋል።

ወይዘሮ ሜሪ ግን ከባላቸው ዘመድ ከቶማስ ዴይ ጋር የንግድ ማኅበር አቋቁመው፣ በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት በ1855 ዓ.ም. በመርከብ ተሳፈሩ። በመንገድ በስኩታሪ ሐኪም ቤት ሚስ ናይቲንጌልን አግኝተው ያደሩት ከልብስ አጣቢዎቹ ክፍል ነበር። ክሪሚያ ሲደርሱ በባላክላቫ አጠገብ ከሣጥን ሳንቃ፣ ከወዳደቀ እንጨትና ከቆርቆሮ ቤት ሠርተው የእንግሊዝ ሆቴል አሉት። ማለዳ ቡና ይሸጣሉ፣ ቀጥሎ በሽተኛ ያያሉ፤ ውጊያ ባለበት ቀን ፋሻና መድኃኒት በቦርሳ ይዘው፣ ስንቅ በበቅሎ አስጭነው ወደ ጦር ሜዳው ይወርዳሉ። በቸርናያ ወንዝ ውጊያ ቍስለኛ ሩሲያውያንንም ሳይለዩ አክመዋል። ወታደሮቹ እናት ሲኮል ይሏቸው ነበር። በመስከረም ወር ሴባስቶፖል ስትያዝ ወደ ከተማይቱ ከገቡት የመጀመሪያይቱ ሴት እሳቸው ነበሩ።

ሰላሙ በ1856 ሲፈረም ሠራዊቱ ወዳገሩ ተመለሰ፤ በውድ ዋጋ የገዙት ዕቃ ግን ገዢ አጥቶ ቀረ። ወይዘሮ ሜሪ ሎንዶን የገቡት ባለ ዕዳ ሆነው ነው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መክሰራቸው በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። በ1857 መኰንኖች ገንዘብ ሊሰበስቡላቸው አራት ቀን የቆየ ታላቅ የሙዚቃ ትርዒት አዘጋጁ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም መጣ። ይሁን እንጂ አዘጋጁ ኩባንያ ስለ ከሰረ ለእሳቸው የደረሳቸው 57 ፓውንድ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው አሳተሙ። በ1881 ዓ.ም. በሎንዶን አረፉ፤ ከዚያም ተረሱ። መቃብራቸው ተፈልጎ የታደሰው በ1973 ነው፤ ሐውልታቸው በሎንዶን በሴንት ቶማስ ሐኪም ቤት ቅጥር ግቢ የቆመው ደግሞ በ2016 ነው። ያም ሐውልት ያለ ክርክር አልቆመም። ሚስ ናይቲንጌል የነርሶች ትምህርት ቤታቸውን በ1860 የከፈቱት በዚያው ሐኪም ቤት ስለሆነ፣ መጠጥና ምግብ ትሸጥ የነበረች ነጋዴ እንዴት ከነርስ ትቈጠራለች የሚሉ ሰዎች ተነሥተው ነበር።

መሸጣቸውንማ እኛም አንክድም። ነገር ግን ደመወዝ የሚከፍላቸው መንግሥት ሳይኖር በምን ይኑሩ? መድኃኒቱንስ በምን ይግዙ? በሩን የዘጋባቸው ሰው በመስኮት ለምን ገባሽ ብሎ ሊጠይቅ አይገባውም እንላለን።

ብዙ ጊዜ የእኚህ ሴት ታሪክ ሲነገር ድፍረታቸው ብቻ ይወደሳል። ድፍረታቸው እውነት ነው፤ ብቻውን ለሚወጣ ሁሉም ስንቅ ይሆናል። ሆኖም ብቻቸውን ስለ ሄዱ ኪሳራውንም ብቻቸውን ተሸከሙት፤ ጥቅሙን ግን ጠቅላላው ሠራዊት ተካፍሎታል። ከእኛ ውስጥ ነገ ወጥቶ የሰው በር የሚያንኳኳ እንደሚኖር ሁሉ፣ ነገ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ቍጥሩ ሞልቷል የሚለውም ከእኛው መካከል ነው። የወይዘሮ ሜሪን ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ሊያስታውሰው የሚገባ ይህ ሁለተኛው ነው።