ዶክተር ጆንሰንና አሰልቺው ሥራ

እኛ ተማሪዎች ትምህርት ሲረዝምብን «ቦሪንግ» ማለት ይቀናናል። ይህ ቃል በዛሬው ፍችው በሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት አይገኝም፤ ገና አልተለመደም ነበርና። በዚያ ያሉት፥ ደስታ የማይሰጠው «ዳል»፥ በርዝመቱ የሚያታክተው «ቲዲየስ»፥ የሚያደክመውም «ዊሪሰም» ናቸው።

ጆንሰን በእንግሊዝ አገር በሊችፊልድ ከተማ በ1709 ተወልዶ በ1784 ዓ.ም. የሞተ ሊቅ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አባቱ መጽሐፍ ነጋዴ ነበር። ኦክስፎርድ ገብቶ ገንዘብ ስላጣ ትምህርቱን ሳይፈጽም ወጣ። በ1746 ከለንደን መጽሐፍ ሻጮች ጋራ ተዋውሎ በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ ያለው መዝገበ ቃላት ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። ስድስት ረዳቶች እየገለበጡለት ከ40,000 በላይ ቃላት ፈታ። ሥራው ሳያልቅ በ1752 ሚስቱ ሞተችበት። መጽሐፉ በ1755 ታተመ። «ዳል» ከሚለው ቃል ፍቾች በአንደኛው ሥር ከታላላቅ ደራስያን ምሳሌ አላመጣም፤ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀትን ራሱን ምሳሌ አደረገው! ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላም በዓመቱ በዕዳ ተያዘ፤ ደራሲው ሪቻርድሰን ገንዘብ ልኮ አስለቀቀው።

በ1759 እናቱ ስታርፍ ለቀብርዋ ወጪ ብሎ በአንድ ሳምንት ማታ ማታ «ራሴላስ»ን ጻፈ። ባለታሪኩ የሐበሻ ልዑል ነው፤ ምንም በማይጎድልበት ሸለቆ ሲኖር ድሎቱ ሰልችቶት አምልጦ ይወጣል። ጆንሰን አገራችንን አላያትም። ነገር ግን በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን የሎቦን የሐበሻ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ ነበር። ያንን ሲተረጉም ግን ስንፍና ይዞት አልጋው ላይ እንደ ተጋደመ ይናገር ነበር፤ የሚጽፍለት ጓደኛው ነው።