ቄስ ጉዲና ቱምሳ፤ ከድሬሰርነት እስከ መሪነት

አንባቢ ሆይ፤ ሰው በወጣትነቱ የያዘው ሙያ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሊመራው እንደሚችል ከቄስ ጉዲና ቱምሳ ሕይወት ትረዳለህ።

ጉዲና በ1921 ዓ.ም. በወለጋ፣ በቦጂ ተወለዱ። በነቀምቴ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በዚያው ከተማ ሆስፒታል ድሬሰር ሆኑ። ቁስል አጠቡ፤ ፋሻ ጠመጠሙ፤ በቀዶ ሕክምናም ጊዜ ሐኪሙን ረዱ። ከዚያም ቅስና ተቀበሉ፤ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ነገረ መለኮት አጠኑ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

ልብ በል፤ ሆስፒታሉን ቢለቁም ሕመምተኛውን አልረሱም። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ለጋሾች ለልማት ገንዘብ ሲሰጡ ለስብከት መንፈጋቸውን ነቀፈች። ሰው አንድ ነውና ሥጋውን ከነፍሱ ለይቶ መርዳት አይገባም የሚል ነበር መልእክቱ።

በደርግ ዘመን ታስረው ተፈቱ። ወዳጆቻቸው ከአገር እንዲወጡ ቢመክሯቸውም፣ ድሬሰር የሚያቃስተውን ሕመምተኛ ጥሎ እንደማይሄድ ሁሉ እሳቸውም ምእመናናቸውን ትተው መሄድን አልፈቀዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከአገልግሎት ሲወጡ ተይዘው ተገደሉ። ዐፅማቸው የተገኘውና በክብር ያረፈው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ የምትማረውን የእጅ ሙያ አትናቅ፤ ነገ ለምትሸከመው ኃላፊነት ስንቅ ይሆንሃልና።