ከሸፈርታክ መሻገሪያ እስከ ስቅላት፦ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ሕይወትና የክህደት ጥያቄ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት በተካሄዱት የክህደት ችሎቶች በአመዛኙ የተከሰሱት ከወራሪ ጋር ያበሩ ሰዎች ነበሩ። በ1937 ዓ.ም. ማርሻል ፔታን በፈረንሳይ ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦላቸዋል። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ በስቅላት የተቀጡት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ግን ጣልያንን ከተዋጉ ስመ ጥር አርበኞች አንዱ ነበሩ። ይህ ጽሑፍ የሕይወታቸውን ሂደት በመከተል፣ በጦርነቱ ማብቂያ የተነሣባቸው የማበር ጥርጣሬና ለሞት ያበቃቸው ጥፋት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ያሳያል።

በፈረስ ስማቸው አባ ኮስትር የሚባሉት በላይ በኃይላቸው እንጂ በትውልድ ሐረጋቸው የገነኑ አልነበሩም። ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ በጎጃም ብቸና አካባቢ ጦር አደራጅተው፣ ለተከታዮቻቸው በራሳቸው ሥልጣን ሹመት እየሰጡ፣ ተጽዕኗቸውን ከዓባይ ማዶ አደረሱ። ይህ ዐቅም በዱር ዘመን መከታ ቢሆንም፣ ሹመት የዘውድ ብቻ መብት መሆኑን ለሚያምን መንግሥት ሥጋት መሆኑ አልቀረም።

በ1933 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲወጣ በኮሎኔል ማራቬንታኖ መሪነት ዓባይን በሸፈርታክ በኩል ተሻገረ። መሻገሪያውን ሊዘጉ ይችሉ የነበሩት በላይ ነበሩ። በዘመቻው የተሳተፉ የእንግሊዝ መኮንኖች ጦሩ ያለፈው ለጣልያን አድረው የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በጋብቻ ተስፋ በላይን ስላባበሏቸው እንደሆነ ጽፈዋል። ሆኖም ይህ ምስክርነት የአንድ ወገን ነው፤ ጽሑፉም ጠላት ካመለጣቸው ሰዎች ብዕር የወጣ በመሆኑ በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል። ንጉሠ ነገሥቱም ቢሆኑ ከድሉ በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጥተው በብቸና ላይ ሾመዋቸዋል። ስለዚህ ጥርጣሬው ሹመትን አላገደም።

የኋላው ግጭት መነሻ የሥልጣን ክፍፍል ነበር። አንዳንድ አርበኞች የራስነት ማዕረግና ሰፊ ግዛት ሲያገኙ በላይ የተሰጣቸውን ከውለታቸው በታች ቆጠሩት። በ1935 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው በሶማ ተራራ ተከበቡና እጃቸውን ሰጡ። በአዲስ አበባ የተላለፈባቸው የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ቢቀየርም፣ ከእስር አምልጠው እንደገና ተያዙ። በጥር 1937 ዓ.ም. በአደባባይ ተሰቀሉ። አብረዋቸው ከተሰቀሉት አንዱ በወረራው ዘመን ለጣልያን ያገለገሉት፣ የራስ ኃይሉ ወገን የሆኑት ልጅ ማሞ ነበሩ።

አርበኛውና ባንዳው በአንድ መስቀያ ሲገናኙ፣ ራስ ኃይሉ ግን በቁም እስር ቆይተው በተፈጥሮ ሞት አርፈዋል። ይህ ንጽጽር ለቅጣቱ ሚዛን የሆነው በወረራው ዘመን የተሠራው ሥራ ሳይሆን ለተመለሰው ዘውድ የተሰጠው ታዛዥነት እንደነበረ ያመለክታል። በእርግጥ በላይ በመንግሥት ላይ መሣሪያ አንሥተዋል፤ ከምሕረት በኋላም አምልጠዋል። ይሁን እንጂ ይህ አመፅ እንጂ ከወራሪ ጋር ማበር አይደለም። ዛሬ የባሕር ዳር አየር ማረፊያ በስማቸው ይጠራል። ስሙ ክብራቸውን ቢመልስም፣ የሸፈርታክን ጉዳይ ከ1937ቱ ፍርድ ለይቶ መመርመር የታሪክ ጥናት ድርሻ ሆኖ ይቀራል።