ዐፄ ቴዎድሮስና የጋይንት ገበሬ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ጨጨሆ ላይ ሲደርስ ወሬውን አቋርጦ ወደ ገደሉ መመልከቱ አይቀርም። እኔም በዚያ ባለፍሁ ጊዜ ተመልክቻለሁ። በሐሳቤ የመጣው ግን የገደሉ ጥልቀት ሳይሆን ሰባስቶፖል የተባለው መድፍ ነበር። ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ያለፈው በዚሁ በጋይንት አገር ነው። የዐፄ ቴዎድሮስን ስም ያልሰማ ተማሪ በአገራችን አይገኝም፤ የመድፉም ምሳሌ በአዲስ አበባ በስማቸው በተጠራው አደባባይ ቆሞ ሁላችንም እናየዋለን። ስለ መድፉ ብዙ ተብሏል። መድፉ ባለፈበት መንገድ ዳር ይኖር ስለ ነበረው ገበሬ ግን የተባለው ጥቂት ነው። ዛሬ የንጉሡን ሕይወት ከዚያ ገበሬ ደጅ ላይ ቆሜ ልተርከው እፈልጋለሁ።

ካሣ ኃይሉ የተወለደው በ1811 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን አገሩ ቋራ ነው። በአባቱ በኩል ከቋራ ገዥዎች ወገን ቢሆንም አባቱ ቀድሞ ስለ ሞተ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግር አሳደገችው፤ ጠላቶቹም በኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሰድበውበታል። ለትምህርት ከጣና አጠገብ ወደሚገኝ አንድ ገዳም ተላከ። በዚያም ሳለ የአንድ መስፍን ወታደሮች ገዳሙን ወርረው ተማሪዎቹን ሕፃናት እንደ ፈጁና ካሣ በሌሊት አምልጦ እንደ ተረፈ ይተረካል። ታሪኩ እንደ ተነገረው ከሆነ፣ ይህ ልጅ ዳኛ የሌለበት ወታደር ምን እንደሚያደርግ በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይኑ ያየ ነው።

ካደገም በኋላ በቋራ ቆላ ሸፈተ። ሽፍትነቱ ግን እንደ ሌላው አልነበረም። ከዘረፈው ገንዘብ ለአካባቢው ገበሬዎች እያካፈለ ማረሻ እንዲገዙበት ያደርግ እንደ ነበረ ዜና መዋዕሉ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ስለ ተማርነው በአጭሩ ልለፈው። የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገባ፤ ከአማቹ ጋር ተጣላ፤ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ በሰኔ 1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን በአይሻል፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ነሣ፤ ወዲያውም በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

በዚያ ዘመን ፖሊስ የሚባል አልነበረም። ዛሬ ፖሊስ፣ ግብር ሰብሳቢና የወኅኒ ጠባቂ ብለን ለይተን የምንጠራቸው ሥራዎች ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ነበሩ፤ ያም ሰው ጦር የያዘው ወታደር ነበር። ወታደሩ ደሞዝ የለውም። ደሞዙ ገበሬው ነው። ተሠሪ ሆኖ በገበሬው ቤት ይገባል፤ እንጀራው ይጋገርለታል፤ ጠላው ይጠመቅለታል፤ በቅሎው ከገበሬው ክምር ትበላለች። የባለቤቱ ሚስት ወጡን አሳንሳ እንደ ሆነ ዱላው ቅርብ ነው። ወታደሩም ብቻውን አይመጣም፤ ሚስቱ፣ አሽከሩና ጋሻ ጃግሬው ይከተሉታል። በጉና ግርጌ ገብሱን ዘርቶ ብርዱን ተቋቁሞ የሚያመርት የጋይንት ወይም የእስቴ ሰው ከአመዳይና ከበረዶ ያተረፈውን ለዚህ እንግዳ ያቀርባል። ቢበደል ማንን አቤት ይላል? ዳኛው የወታደሩ አለቃ ነው፤ አለቃውም ራሱ የሚበላው ከዚያው ገበሬ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን አውቀው ነበር የተነሡት። በነገሡበት ዓመት ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ እያንዳንዱም ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ። ለወታደሩ ገንዘብ እየሰጡ ቀለቡን በገበያ ገዝቶ እንዲበላ ማልመድ መጀመራቸውን በዚያን ጊዜ በአገሩ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ለመንግሥቱ ጽፏል። ነፍሰ ገዳይንም ለሟች ዘመዶች አሳልፎ መስጠት ቀርቶ ቅጣቱ በመንግሥት እጅ እንዲፈጸም አደረጉ። የባሪያንም ንግድ ከለከሉ። ጎህ ሲቀድ ጃንሆይ አቤት የሚለውን ድኻ ራሳቸው ይሰሙ ነበር። ወታደሩን በደሞዝ ማኖር ዛሬ ለእኛ ተራ ነገር ይመስለናል፤ በ1847 ዓ.ም. ግን የመሳፍንቱን ሥርዓት ከሥሩ የሚነቅል ሐሳብ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ካሣ ገና የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ሳለ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1829፣ በለንደን ከተማ ሮበርት ፒል የተባለው ሚኒስትር አዲስ የፖሊስ ሠራዊት አቋቁሞ ነበር። እነዚያም ፖሊሶች ደሞዝ ይከፈላቸው ነበር። ከደሞዙ ሌላ ግን አንድ ትንሽ ነገር ተጨመረላቸው፤ በእያንዳንዱ ፖሊስ የአንገት ልብስ ላይ ቁጥር ተጻፈ። በአደባባይ ያለ አግባብ የተመታ ሰው ስሙን ባያውቅ ቁጥሩን አይቶ ሊከሰው ይችላል ማለት ነው። ለንደን በዚህ ጻድቅ ሆነች አልልም፤ ብዙ በደል ከዚያም በኋላ ተፈጽሟል። ነገር ግን ደሞዙና ቁጥሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ልብ እንበል። ንጉሣችን የመጀመሪያውን አሰቡ። ሁለተኛውን፣ ማለት የታጠቀውን ሰው የሚከሱበትንና ከንጉሡ ቁጣ ውጭ የሆነ ዳኝነት የሚገኝበትን መንገድ፣ አላቋቋሙም።

ይህን ለመረዳት አንድ ሁላችንም በልጅነታችን እየሳቅን የሰማነውን ታሪክ እንደ ገና መመርመር ይበቃል። ዐዋጁ በተነገረ ጊዜ ሌብነት የአባታቸው ሥራ የሆነ ሽፍቶች ታጥቀው ቀርበው የአባታችንን ሙያ ይፍቀዱልን አሉ ይባላል። ንጉሡ ማረሻና በሬ እንስጣችሁ፣ እረሱ ቢሏቸው እንቢ አሉ፤ በኋላም ፈረሰኛ ልከው አስፈጇቸው። ታሪኩን የሚተርኩልን ሰዎች በንጉሡ ብልሃት ይደነቁ ነበር፤ እኔም ተደንቄ አውቃለሁ። አሁን ሳስበው ግን ከእነዚያ ሰዎች መካከል አንዱም በወንበር ፊት ቀርቦ ጥፋቱ አልተመረመረም። ያን ቀን ለሌባ የሰራው ፍርድ በኋላ ለማን እንደሚሠራ የጠየቀ አልነበረም።

ለማን እንደ ሠራ በወሎ ታየ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲሄዱ በወሎይቱ ገዥ በወርቂት አገር አለፉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ሰምተው በእጃቸው መያዣ የነበረውን የወርቂትን ልጅና ከእርሱ ጋር የነበሩትን ወሎዬዎች አስገደሉ። ከመቅደላ ገደል ተጣሉ። ምኒልክን ያስመለጡት እነዚህ አልነበሩም፤ በእስር ላይ የነበሩ ናቸው። ጥፋታቸው ከማን እንደ ተወለዱና ከየት አገር እንደ መጡ ብቻ ነበር። ሰው በሠራው ሳይሆን በዘሩ ከተቀጣ ዘንድ ወታደሩ ማንን መምታት እንዳለበት ለመለየት ምርመራ አያስፈልገውም፤ የአገሩን ስም መጠየቅ ይበቃዋል።

ከዚህ በኋላ ግዛቱ እየጠበበ ሄደ። ሸዋ በምኒልክ፣ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ጎጃም በተድላ ጓሉ፣ ትግሬም በሌሎች እጅ ገባ። ለንጉሡ የቀረላቸው በጌምድር ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። የነገሩም መራራነት እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ ብዙ አገር ይቀልበው የነበረውን ጦር አሁን አንድ አገር ይቀልበው ጀመር። ከሸፈተው ግብር ስለማይመጣ ያልሸፈተው የሁሉን ዕዳ ከፈለ። ግምጃ ቤቱም ባዶ ስለ ሆነ በገበያ ገዝቶ የመብላቱ ዐዋጅ ተረሳ። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። ደብረ ታቦር ላይ የሰፈረ ጦር እህል ፍለጋ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ሲወጣ የሚያገኘው የጉናን ዙሪያ አገር ነው፤ በአንድ በኩል ጋይንትን፣ በሌላ በኩል እስቴን፣ ከዚያም ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ የሚወርደውን ስማዳን። በጌምድር ሸፈተ እንላለን። እኔ ግን ሸፈተ የሚለው ቃል ለዚህ ገበሬ የሚስማማው አይመስለኝም። መሳፍንቱ የሸፈቱት ለዙፋን ነው። ገበሬው ግን በጎተራው በር ላይ ቆመ እንጂ ማንንም አልነገሠም። የተነጠለ ወታደር ሲያገኝ ገደለ፤ ንጉሡም መንደር አቃጠሉ፤ በዚህ ላይ ገበሬው ደግሞ ባሰበት።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በጋፋት የተሠሩትን መድፎች፣ ሰባስቶፖልን ጭምር፣ በሠረገላ ጭነው ነበር። መንገድ ስለሌለ እየሠሩ መሄድ ነበረባቸው። ዓለቱን የሚፈነቅለው ወታደሩ ብቻ አልነበረም፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መድፉን የሚጎትቱት ሰዎች በመቶ ይቆጠሩ ነበር። በጋይንት አልፈው በጨጨሆ ወደ ዘቢጥ፣ ከዚያ ወደ ዋድላ፣ ከዚያ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በጽናቱ የማይደነቅ የለም፤ ስለዚህ ጉዞ የጻፉ የውጭ አገር ሰዎችም ተደንቀዋል። ሆኖም በእነዚያ ስድስት ወሮች ያ ሁሉ ሰው የበላው ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። በመንገዱ ዳር ያለው ገበሬ ለንጉሡ ጦር የሚሸጥ እህል አልነበረውም፤ ቢኖረውም አይሸጥም፤ ቢሸጥም የሚከፍለው የለም።

በዚያው ወራት ጄኔራል ናፒየር ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ይመጣ ነበር። ይህ የባዕድ ጦር ነው፤ የመጣውም ለእንግሊዝ ጥቅም እንጂ ለገበሬው አዝኖ አይደለም። ግን የማሪያ ቴሬዛ ብር ይዞ ነበር። ለእህሉም፣ ለሣሩም፣ ለከብቱም ከፈለ። ስለዚህ የየአገሩ ሰው እህሉን ጭኖ ወደ ሰፈሩ ገበያ ወረደ። እነሆ ወታደር ደሞዙን ተቀብሎ ቀለቡን በገበያ ይግዛ የሚለው የ1847 ዓ.ም. ሐሳብ በገዛ አገሩ ተፈጸመ፤ የፈጸመው ግን ባለቤቱን ሊወጋ የመጣው ሠራዊት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ነገር በታሪካችን ውስጥ አላነበብሁም።

ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደ ማታ በእስላምጌ የነበሩ እስረኞች የሚበሉትና የሚጠጡት እንዲሰጣቸው ጮኹ። ንጉሡ ተቆጡ፤ ሦስት መቶ ያህል ሰዎችም እየተገደሉ ከገደል ተጣሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ፍርድ ሳያገኙ የታሰሩ ነበሩ። በማግሥቱ በአሮጌ ጦርነት ሆነ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያ ወደቁ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ለናፒየር በላኩት ደብዳቤ ግብርና ሥርዓት ባመጣሁባቸው ጊዜ ያገሬ ሰዎች ጀርባቸውን አዞሩብኝ ብለው እንዳዘኑ እናውቃለን። ሐዘናቸው እውነት ነበር ብዬ አምናለሁ። መኳንንቱን በሚመለከት ነገሩም እውነት ነው። ነገር ግን በወታደር ላይ ሥርዓት እንዲመጣ ከጋይንት ገበሬ ይልቅ ማን ይመኝ ነበር?

የሕግ ትምህርት የተማሩ አንባቢዎቼ ይህን ሲያነቡ የ1949 ዓ.ም.ን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያስታውሱ ይሆናል፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለውም ሕግ በ424ኛው አንቀጽ የተያዘን ሰው የሚደበድብ ወይም የሚያስፈራራ ሹም እንዲቀጣ ያዝዛል። ቁጥሩ በልብሱ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። ቁጥሩን አንብቦ የሚከስ ሰው ግን ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ አቤቱታውን የሚጽፍለት ከዚያው ከመታው ሰው ጓደኛ ዘንድ ነው፤ ይህን በአንድ የገጠር ከተማ ቆሜ አይቻለሁ። ጸሐፊው ወረቀቱን ተቀበለና ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ባለጉዳዩ በማግሥቱ ሲመጣ ወረቀቱ በቦታው አልነበረም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጃቸውን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። እንግሊዞቹ ዘውዱን፣ ታቦቱንና ብራናውን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ወሰዱ። በጋይንት በኩል ያ ሁሉ ሰው የጎተተውን መድፍ ግን ትተውት ሄዱ። እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አፈር ተጭኖት ተቀምጧል።