አፈርን ያዳመጠ መምህር፦ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር

የዘመኑ ሰው ከተፈጥሮ ሕግ ጋር ተስማምቶ መኖር ይችላል ወይ? ይህ ጥያቄ ሲነሳ አንዳንዶቻችን ወደ ዱሮው ኑሮ ካልተመለስን አይሆንም እንላለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ሳይንስ ሁሉን ይፈታዋል ብለን እንተወዋለን። የአንድ መምህር ሕይወት ግን ሌላ መልስ አለው።

ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር በ1864 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ግዛት ከባሪያ እናት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ እናቱን ወንበዴዎች ስለወሰዷት ያሳደጉት የእናቱ ጌቶች ነበሩ። በሽተኛ ልጅ ስለነበረ ከከባድ ሥራ ይልቅ በጫካ ውስጥ ዕፅዋት ሲመለከት ይውል ነበር። የሠፈሩ ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልምና ትምህርት ፍለጋ በልጅነቱ ከቤት ወጣ። አንድ ኮሌጅ ከተቀበለው በኋላ እንኳ መልኩን አይቶ መለሰው። እሱ ግን ልብስ እያጠበ ተምሮ በአይዋ የእርሻ ኮሌጅ በ1894 የመጀመሪያ፣ በ1896 ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ።

በዚያው ዓመት በአላባማ ግዛት በተስኪጊ ተቋም መምህር ሆነ። ላቦራቶሪ የሚባል ነገር ስላልነበረ ከተማሪዎቹ ጋር የተጣለ ጠርሙስና ዕቃ እየለቀመ መሣሪያ ሠራ። የማስተማሪያ መርጃ የለም እያልን ለምናማርር ለኛ ይኸ ትልቅ ትምህርት ነው!

የአካባቢው መሬትም ባዶውን ቀርቶ ነበር። በየዓመቱ ጥጥ ብቻ ስለሚዘራበት ለምነቱ አልቋል። ካርቨር የተገነዘበው ሕግ ቀላል ነው፦ ከአፈር የወሰዱትን ለአፈር መመለስ። ኦቾሎኒና ሌሎች ጥራጥሬዎች በሥራቸው ላይ ባሉ ትናንሽ እብጠቶች ውስጥ ባክቴሪያ ይይዛሉ። ባክቴሪያዎቹም ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይሰጡታል። ስለዚህ ከጥጥ ጋር እያፈራረቁ እንዲዘሯቸው፣ ማዳበሪያ መግዣ የሌለውም የበሰበሰ ቅጠል ከጫካ እንዲያመጣ አስተማረ። ከ1906 ጀምሮም ትምህርቱ በበቅሎ በሚጎተት ጋሪ ገበሬው ቤት ድረስ ሄደ። በ1916 ኦቾሎኒ ለምግብ የሚሰናዳባቸውን 105 ዘዴዎች አሳተመ። የኦቾሎኒ ቅቤን የፈለሰፈው እሱ ነው የሚባለው ግን ስህተት ነው፤ ትልቁ ሥራው እኮ አፈሩ ላይ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር መደበቅ የለብንም። ከነዚያ ጥቁር ገበሬዎች ብዙዎቹ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ። ባለመሬቱና አበዳሪው የሚፈልጉት ደግሞ ጥጥ ነው። ታዲያ ገበሬው ሕጉን ቢያውቅስ በምን ሥልጣኑ ይፈጽመዋል? እንግዲህ ከተፈጥሮ ጋር ለመስማማት ዕውቀት ብቻ አይበቃም፤ የሚያርሰው ሰው በመሬቱ ላይ ቃል ሊኖረው ይገባል። ሁለቱ ከተገናኙ ግን የዘመኑ ሰው ይችላል ባይ ነኝ።

ካርቨር ያጠራቀመውን ገንዘብ ለምርምር ትቶ ጥር 5 ቀን 1943 (እ.ኤ.አ.) አረፈ።

እኛም ነገ ገጠር ስንመደብ ከስንዴ በኋላ ባቄላ የሚዘሩ ገበሬዎችን ልጆች እናስተምራለን። አንድ የባቄላ ተክል ከነሥሩ ነቅለን ክፍል ውስጥ እናሳያቸው፤ አባቶቻቸው ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ያኔ ይገባቸዋል።