ሊንከን የተወለደበት ጎጆ

አብርሃም ሊንከን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እንደነበረና ባሮችን ነጻ እንዳወጣ የማያውቅ እጩ መምህር በመካከላችን አይኖርም። የት ተወለደ ቢባል ግን ብዙዎቻችን ዝም ነው የምንለው። በኬንታኪ ግዛት መንገዶች ዳር ስለ እርሱና ስለ ቤተሰቡ የሚናገሩ የመታሰቢያ ሰሌዳዎች ቆመዋል። ሰሌዳ ያው አጭር ነው፤ መኪናውን አቁሞ ለሚያነብ መንገደኛ ስምና ዓመት ይሰጣል፤ የቀረውን የሚሞላው አስተማሪ ነው። (ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊንከን ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 ሆጅንቪል ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ አንዲት ክፍል ባላት የግንድ ጎጆ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ቶማስ ገበሬና አናጢ ነበር፤ ስሙን እንኳ የሚጽፈው በመከራ ነው። መሬቱን በገንዘቡ ቢገዛም ሙግት ተነሣበት። በ1811 ወደ ሌላ እርሻ ቢዛወሩ እዚያም ሌላ ሙግት ጠበቃቸው። የመሬት ሙግት ስንት ቤት እንደሚያፈርስ ለኛ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። በ1816 ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ኢንዲያና ተሰደዱ፤ በኬንታኪ የነበረው ባርነትም ሌላው ምክንያት ነበር። በ1818 እናቱ ናንሲ ሞተች። የገደላት መርዛማ ቅጠል የበላች ላም ወተት ነው። ልጁ ያኔ ገና 9 ዓመቱ ነበር።

ትምህርቱስ? ትምህርት ቤት የገባበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። አስተማሪ ሲገኝ ይማራል፣ የእርሻ ሥራ ሲበዛ ይቀራል። ልጆቹ ባንድ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚያነቡት፤ ልክ እንደኛ የቄስ ትምህርት ቤት። የቀረውን በተዋሰው መጽሐፍ ራሱን አስተማረ፤ በ1836 የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። ታዲያ ትምህርት ቤት ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። ሊንከን ግን ነገሩን እንደ ጉድለት ነው የቆጠረው እንጂ አልኮራበትም። ግዛቶች መሬት እየተሰጣቸው የእርሻና የሙያ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ የሚያደርገውን ሕግ በ1862 የፈረመው እሱ ነው። ለዓለማያ እርሻ ኮሌጅ መቋቋም የረዳው የኦክላሆማ ኮሌጅ የዚያ ሕግ ፍሬ ነው።

በ1860 ተመረጠ፤ በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ያወጣው የነጻነት ድንጋጌ የሚመለከተው ያመፁትን ግዛቶች ብቻ ነበር። ኬንታኪ አላመፀችም፤ ስለዚህ በትውልድ አገሩ ያሉት ባሮች በድንጋጌው ነጻ አልወጡም! ባርነት እዚያ በሕግ ያከተመው በዲሴምበር 1865 ነው። እሱ ደግሞ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ተገድሏል።

በትውልድ ቦታው ላይ በ1911 የተመረቀው የድንጋይ ሕንጻ 56 ደረጃ አለው፤ የዕድሜው ቁጥር መሆኑ ነው። ውስጡ ጎጆ አለ። ለብዙ ዘመን ሰው የሱ ጎጆ ነው እያለ ሲያየው ኖረ። በ2004 የግንዶቹ ዓመታዊ ቀለበት ሲመረመር ግን ዛፎቹ የተቆረጡት እሱ ከተወለደ ብዙ ዓመት በኋላ መሆኑ ታወቀ። ከኮረብታው ሥር ያለው ምንጭ ግን ያው የጥንቱ ነው፤ ውሃው ከድንጋይ ሥር ወጥቶ ጥቂት እንደወረደ ተመልሶ መሬት ውስጥ ይገባል።